እጅ ያልደረሰበት ድንጋይ

የቪዲዮ ጥሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ለእውነተኛ ጉዳይ ሲሠራ ያየሁት ከመጋረጃ ጀርባ ተደብቄ ነው። ንፋስ መውጫ ውስጥ ባለ አንድ ፎቶ ቤት፣ ሙሽሮችና ተመራቂዎች ፊቱ ቆመው የሚነሡበት፣ ፏፏቴ የተሣለበት መጋረጃ አለ። እኔ ከፏፏቴው ጀርባ ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ሳል እንዳይመጣብኝ እየጸለይሁ ተቀምጫለሁ። ከፏፏቴው ፊት ደግሞ ወንድሜ የገደለው ሰው እናትና ታናሽ ወንድም ተቀምጠዋል።

ከመጀመሪያው ልናገር፤ አለዚያ ነገሩ የእብድ ሥራ ይመስላል።

ታላቅ ወንድሜ ሰው ገድሏል። ዘመዶቼ "ሰው ጠፋበት" ይላሉ፣ ልክ ከኪሱ እንደ ወደቀ ነገር። እኔ እንደዚያ ማለት አልወድም። የወሰን ጠብ ነበር፤ ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ድንበር ላይ በዱላ ተማቱ፣ አንደኛው ወድቆ ቀረ። ወንድሜ እጁን ሰጠ፣ ተፈረደበት፣ ታሰረ፣ ጨርሶ ወጣ። ፍርድ ቤቱ ከእሱ ጋር ያለውን ጉዳይ ዘጋ። ደም ግን በእርቅ እንጂ በእስር አይደርቅም። ስለዚህ ከወህኒ እንደወጣ ወደ ቤቱ አልመጣም፤ ስማዳ ተሻግሮ ወገዳ ከተማ ዳር ጎጆ ቀለሰና የሰው መሬት በእኩል እያረሰ ተቀመጠ።

በደመኞች መካከል ያለውን ሥርዓት የአገሬ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እስኪታረቁ ድረስ ፊት ለፊት አይተያዩም። አንዱ ገበያ ከዋለ ሌላው ይቀራል፤ አንዱ በዚህ መንገድ ከመጣ ሌላው በዚያ ይዞራል። ይህ ደግሞ ለገዳዩ ብቻ ሳይሆን ለወንድሙም ነው። ንፋስ መውጫ ላይ የኮምፒውተር አስተማሪ ሆኜ ስኖር የሟችን ታናሽ ወንድም ከሩቅ ባየሁ ቁጥር ወደ ቅርቡ ሱቅ እገባ ነበር። ስንት ጊዜ የማልፈልገውን ሳሙና ገዝቻለሁ። ሥርዓቱን ለማክበር ነው ብል ውሸት ይሆናል፤ ፈርቼ ነው።

ታናሽየው፣ ወንድሙ ሲሞት፣ ገና ልጅ ነበር። አሁን ሚስት አግብቷል፣ የወንድሙን መሬት ያርሳል፣ በየለቅሶው "አንተ እያለህ?" እያሉ የሚወጉት ዘመዶች አሉት። ባለፈው በጋ ስማዳ ድረስ ሰው ልኮ የወንድሜን ጎጆ አስጠየቀ። ውሻ አለው ወይ፣ ብቻውን ነው የሚያድር ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ለምን እንደሚጠይቅ ግልጽ ነው። ከዚያ በጊዜው ችግር ምክንያት መንገዱ ተዘጋ። የሞባይል ኢንተርኔቱ ከዚያም በፊት ጠፍቶ ነበር። ሰው ሁሉ መንገዱ ይከፈት ብሎ ሲሳል እኔ በልቤ አይከፈት እል ነበር፤ ሲከፈት መጀመሪያ የሚሄደው ማን እንደሆነ አውቃለሁና።

እርቁን የያዙት የኔታ ነበሩ። የደብሩ መሪጌታ ናቸው፤ እኔንም፣ ወንድሜንም፣ ሟቹንም ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። ከመንገዱ መዘጋት በፊት ጀምሮ በሁለቱ ቤቶች መካከል ሲመላለሱ ከረሙ። የሟች እናት ልጃቸው ከሞተ በኋላ ቆብ አድርገው እማሆይ ሆነዋል፤ የኔታን ብዙ ጊዜ በር ላይ አስቁመው መልሰዋቸዋል። በመጨረሻ ግን አንድ ነገር ተናገሩ፤ ድንጋይ ተሸክሞ ከፊቴ ይቁም፣ ከዚያ በኋላ አስባለሁ አሉ።

ይህ የቆየ ልማድ ነው። በዳይ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ባዶ እግሩን ከተበዳይ ፊት ይቆማል። የሟች ወገን ይቅር ካለ ድንጋዩን በገዛ እጁ ያወርድለታል። ካላወረደለት እርቅ የለም። በዳዩ ግን ከብዶኛል ብሎ በራሱ እጅ ያወረደው እንደሆነ ይቅርታውን ራሱ ጣለው ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሽማግሌም አይገባም።

ችግሩ ድንጋዩ ወገዳ፣ የሚያዩት ዓይኖች ደግሞ እዚህ ጋይንት፣ ንፋስ መውጫ መሆናቸው ነበር።

እኔ ከክፍል ውጪ ደመወዝ የሌለው ሌላ ሥራ ነበረኝ። በየአገሩ ከተበተኑ፣ ፊታቸውን አይቼ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር አንድ የመልእክት መተግበሪያ እንጽፋለን። ባለቤት የለውም፤ ኮዱ ለፈለገ ሁሉ ክፍት ነው። መሃል ላይ ተቀምጦ ሁሉን የሚያዝ ድርጅትም የለም። የፈለገ ሰው የራሱን ሰርቨር ይተክላል፣ ሰርቨሮቹ እርስ በርስ ይነጋገራሉ፣ የአንዱ መዘጋት ሌላውን አይዘጋውም። እኔም አንዱን ፎቶ ቤቱ ውስጥ ከማተሚያው ጠረጴዛ ሥር ተክዬው ነበር፤ ቤቱ የገመድ ኢንተርኔት አለው። የሞባይሉ ከጠፋ ወዲህ በዚያ በኩል ከመካነ ኢየሱስ አስተማሪዎች ጋር የፈተና ጥያቄ እንለዋወጥ ነበር። ጽሑፍ ይልካል፣ ፎቶ ይልካል፣ የተቀዳ ድምፅ ይልካል። የቪዲዮ ጥሪ ግን አልነበረውም፤ እሱን ለመጨመር ነበር የምታገለው።

ሰርቨሩ በቪዲዮ ጥሪ ጊዜ የሚሠራው የሽማግሌ ሥራ ነው። ሁለቱን ወገኖች ያስተዋውቃል፣ የአንዱን አድራሻ ለሌላው ይነግራል፣ ከዚያ ዞር ይላል፤ ምስሉና ድምፁ በቀጥታ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። መስመሩ ሲቀጥን ምን ይቅር በሚለው ላይ ከሌሎቹ ጋር ብዙ ተከራክሬአለሁ። እኔ ምስሉ ይቅር፣ ድምፁ ይቆይ ባይ ነበርሁ። ሰው የሚፈልገው የሰው ድምፅ ነው ብዬ ድርቅ አልሁ፣ ረታሁም።

የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ትምህርት ቤት ድረስ የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ስለ ጤናዬም ስለ ተማሪዎቼም ከጠየቁ በኋላ ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

"ያ የምትሠራው ነገር ሰው ያሳያል አሉ። እውነት ነው?"

ሊያሳይ ጥቂት ቀርቶታል አልኋቸው። ግን ስልኩ እኮ ይሠራል፣ ወንድሜ በድምፁ ይቅርታ ቢጠይቅ ምን አለበት ብዬ ሞከርሁ።

"ድንጋይ በጆሮ አይታይም ልጄ" አሉኝ።

ስለዚህ የረታሁበትን ክርክር ራሴ ገለበጥሁት። ለእኛ ጥሪ ብቻ፣ መስመር ሲቀጥን ድምፁ እንዲቆም፣ ምስሉ እንዲቆይ አደረግሁ። መስመሩ ጨርሶ ቢጠፋስ? ጥቁር ስክሪን ቢመጣ ሰው ይደነግጣል ብዬ የመጨረሻው ምስል ባለበት እንዲቀር አደረግሁት። በሥራዬ እንኳ ኮርቼ ነበር። መስመር ተቋርጦ ሲመለስ ሁለቱን ወገኖች እንደገና የሚያስተዋውቀውን ክፍል ግን ለመጻፍ አልደረስሁም። መንገዱ ሊከፈት ነው የሚል ወሬ መጣ፤ የኔታም በዚሁ ሳምንት ካልሆነ አይሆንም አሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። እያወቅሁ ሮጥሁ።

ወገዳ ላይ ገመድ ኢንተርኔት ያለው አንድ የጽሕፈት ቤት ተገኘ። እዚያ ወንድሜን የያዙት ሽማግሌ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ በስልክ እየመራኋቸው መተግበሪያውን ጫኑ። ሞከርነው፤ እጃቸውን ሲያወዛውዙ አየሁ፣ እሳቸውም የኔን አዩ። "ተአምር ነው" አሉኝ። እኔ ግን ያልጻፍሁትን ክፍል አልረሳሁትም።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት የኔታ ሁሉን ነገር እንደ ቅዳሴ አሰናዱት። ታናሽየው መሣሪያ እንዳይዝ አስማሉት፤ ዱላውን ግን ማንም አልጠየቀውም። ስልክ ሁሉ ጠፍቶ በባለ ፎቶ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ገባ። እኔ እንዳልታይ ተባለ። ጥሪውን በራሱ ላፕቶፕ በግልጽ የሚያስነሣው ባለ ፎቶ ቤቱ ነበር፤ ጎበዝ ፎቶ አንሺ ነው፣ ኮምፒውተር ሲያስቸግረው ግን በጥፊ የሚል ሰው ነው። አረንጓዴውን ምልክት ተጫን፣ ሌላ ምንም እንዳትነካ አልሁትና ከመጋረጃው ጀርባ ገባሁ። በእኔ ላፕቶፕ ላይ ያው ምስልና የመስመሩን ጉልበት የሚያሳየው ቁጥር ይታየኛል።

ሲገቡ የእማሆይን የመቁጠሪያ ድምፅ ሰማሁ። የታናሽየው ዱላ ሲሚንቶውን ሲነካም ሰማሁ። ማንም ማንንም እንዴት አደርህ አላለም።

ምስሉ መጣ። የጽሕፈት ቤቱ ጓሮ ነው፤ የጭቃ ግድግዳ፣ የደረቀ አጥር፣ ጥቂት የሚጭሩ ዶሮዎች። መሃል ላይ ወንድሜ ቆሟል። ባዶ እግሩን ነው። ጋቢውን ወገቡ ላይ አሸርጦ፣ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ጭኖ፣ በሁለት እጁ ወደ ኋላ ይዞታል። አንገቱን ስለደፋ ፊቱ አይታይም፤ የሚታየው አናቱ ነው። ፀጉሩ ሸብቷል። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። እንባዬ መጣ፤ ግን ልቅሶ ድምፅ አለውና ጋቢዬን ነከስሁ።

"በእግዚአብሔር ስም" አለ ወንድሜ። "ልጅዎን ገድያለሁ። ይቅር ይበሉኝ።"

እማሆይ አልመለሱም። መቁጠሪያው ቆመ። እኔም አልፈረድሁባቸውም፤ ለዚህ ምን ተብሎ ይመለሳል?

ዝምታው እንደቀጠለ የመስመሩ ቁጥር መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ ድምፁ ጠፋ፣ እንዳዘዝሁት። ቀጥሎ ቁጥሩ ዜሮ ሆነ። ስክሪኑ ላይ ግን ምንም አልተለወጠም፤ ወንድሜ ድንጋዩን እንደያዘ ነው። ድንጋይ የተሸከመ ሰው ድሮም አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ምስሉ መቆሙን ማንም አላወቀም። እማሆይ ያዩታል፣ የኔታ ያዩታል፣ ታናሽየው ያየዋል። የሚያዩት ሰው እዚያ እንደሌለ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔ ደግሞ በእነሱ ዘንድ የለሁም።

ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁ። ጸለይሁ ማለት ይሻላል። ከዚያ ታናሽየው ተናገረ።

"ዶሮዋን እዩዋት።"

ማንም አልገባውም።

"ጥግ ላይ ያለችውን ቀይ ዶሮ። እግሯን አንሥታ ቀርታለች። መቼ ነው የምታወርደው?"

እኔም አየሁ። እውነትም አንዲት ቀይ ዶሮ አንድ እግሯን አየር ላይ ሰቅላ ቀርታለች። ልሸፍነው የማልችል ነገር ነበር።

"ፎቶ ነው" አለ። ድምፁ አልጮኸም፤ መጮኹ ይሻል ነበር። "ይህ ቤት ኮት የሌለውን ኮት የሚያለብሱበት ቤት ነው። ድንጋይ ማሸከም ያቅታቸዋል?"

ይህን ሲል ግድግዳው ላይ ያሉትን ፎቶዎች እያሳየ ነበር። እውነቱን ነው፤ ግማሾቹ ጋቢ ለብሰው መጥተው ባለ ፎቶ ቤቱ በኮምፒውተር ኮትና ከረባት ያለበሳቸው ገበሬዎች ናቸው። ባለ ፎቶ ቤቱ በድንግል እየማለ ላፕቶፑን ጎኑን መታው። የኔታ ታገሡ አሉ። ወንበር ሲገፋ፣ ዱላ ከመሬት ሲነሣ ሰማሁ። ታናሽየው ለእናቱ ይነሡ፣ እንሂድ አላቸው፤ እኔ ያልገባሁበት ነገር ነው፣ መንገዱ ሲከፈት የራሴን አውቃለሁ አለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ብሎ ጨመረ።

በዚያው ቅጽበት ሰርቨሩ ወገዳ መመለሱን አሳየኝ። መስመሩ ድኗል። ነገር ግን ሲመለስ አድራሻው ተለውጧል፤ ሁለቱ ላፕቶፖች አሮጌውን በር እያንኳኩ ነው። ማድረግ የሚያስፈልገው ጥሪውን ዘግቶ እንደገና መደወል ብቻ ነበር። ባለ ፎቶ ቤቱ ይህን አያውቅም። እንዳልደውልለት ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ነው። ከመጋረጃ ጀርባ ብናገር፣ ይኸው የተደበቀ ሰው፣ ይኸው ተንኮሉ ይባላል። ዝም ብል ደግሞ ሄዱ።

እኔ ጀግና አይደለሁም፤ የሳሙናውን ነገር ነግሬአችኋለሁ። እግሬ ግን ተነሣ። ጋቢዬን ከራሴ አውርጄ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ በፏፏቴው ጎን ወጣሁ።

ታናሽየው ወዲያው አወቀኝ። ዱላውን ጨበጠው እንጂ አላነሣውም። የኔታ መቋሚያቸውን በመካከላችን አጋደሙት። እኔ መሬት መሬት እያየሁ ለእማሆይ ተናገርሁ።

"ልጅዎ ያለው ልክ ነው። አሁን ይህ ፎቶ ነው። ቅድም ግን ሕያው ነበር። መስመሩ ተቋርጦ ነው። ላጠፋውና እንደገና ልጥራው ነው፤ ሲጠፋ ሸሸ እንዳይሉት ብዬ ወጣሁ።"

"አንተ ማን ነህ?"

"ወንድሙ ነኝ።"

እማሆይ ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸውን በቅርብ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ የእናቴን ያህል ናቸው።

"ታናሹ?"

"ታናሹ ነኝ።"

ዞረው የራሳቸውን ታናሽ አዩት። ብዙ አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ሳይመለሱ "አጥፋው" አሉ።

ላፕቶፑን ለመንካት ጀርባዬን ለታናሽየው መስጠት ነበረብኝ። ቀዩን ተጫንሁ፣ ወንድሜ ከነድንጋዩ ከነዶሮዋ ጠፋ። አረንጓዴውን ተጫንሁ። መጥራት ጀመረ።

ይጠራል፣ አይነሣም። ያስፈራኝ ዱላው አልነበረም። ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ትዕግሥት ቢኖረው ያን ቀን ድንበሩ ላይ ዱላ ባላነሣ። መስመር ተቋርጧል ተብሎ ከተነገረው ድንጋዩን አውርዶ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይሆናል፤ ማንም ሰው ያደርገዋል፤ እኔም አደርገው ነበር። አሁን ጥሪው ሲነሣ እነዚህ ሰዎች ባዶ ትከሻውን ካዩ ሁሉ ነገር አለቀ። ይጠራል። የኔታ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ይጠራል።

ተነሣ።

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው፤ የሰው ትንፋሽ፣ የደከመ በሬ የሚተነፍሰው ዓይነት። ቀጥሎ ምስሉ መጣ። ዶሮዋ የለችም። ወንድሜ ተንበርክኳል። ጋቢው ወልቆ መሬት ላይ ወድቋል፣ ክንዶቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ከአፍንጫው ጫፍ ላብ ይንጠባጠባል። ድንጋዩ ግን ማጅራቱ ላይ ነው። የወገዳው ሽማግሌ አጠገቡ ቆመው ግራ የገባቸው ይመስላሉ።

እማሆይ ተነሡ። ታናሽየው ሊደግፋቸው እጁን ዘረጋ፣ አልያዙትም። እየተራመዱ ላፕቶፑ ዘንድ ደረሱ፣ ጎንበስ አሉ፣ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። ልማዱ በእጅ እንዲወርድ ነውና እጃቸው ወደ ድንጋዩ ሄደ። ጣቶቻቸው መስተዋቱ ላይ አረፉ። ተጫኑት፣ ደባበሱት። 

"እጄ አልደረሰም" አሉ።

የኔታ የሚያውቁት ሥርዓት ስለዚህ ምንም አይልም።

"ትሰማኛለህ?" አሉት እማሆይ።

"እሰማዎታለሁ።"

"አሁን ሽማግሌው ያውርዱልህ። እርቁ ግን አላለቀም። መንገዱ ሲከፈት ያንኑ ድንጋይ ይዘህ ና። ሌላ እንዳታመጣ፤ አይቼዋለሁ፣ አውቀዋለሁ።" ከዚያ ፊታቸውን ሳይመልሱ፣ ጀርባቸው ለነበረው ልጃቸው ተናገሩ። "እስኪመጣ የኔ እንግዳ ነው። እንግዳዬን የነካ ቆቤን ነካ።"

ታናሽየው እሺም እምቢም አላለም። ቀድሟቸው ወጣ።

ያ ዝምታው ነው ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የነሣኝ። እናት ቃል ሰጥተዋል፤ ልጅ አልሰጠም። መንገዱ እስኪከፈት ድረስ ታናሽየውን ሁለት ጊዜ ገበያ ላይ አየሁት፤ ሱቅ አልገባሁም፣ እሱም መንገድ አልቀየረም፤ ግን ሰላምም አልተባባልንም። የወገዳው ሽማግሌ በስልክ ያን ቀን የሆነውን የነገሩኝ በዚሁ ጊዜ ነው። መብራት ብልጭ ብሎ መስመሩ ሲቆረጥ ለወንድሜ ነግረውታል። ተቋርጧል፣ አውርደውና እረፍ ብለውታል። እሱ ግን ቀና ብሎ ስክሪኑን አይቷል። በእነሱም በኩል የመጨረሻው ምስል ቆሞ ነበር፤ እማሆይ ትክ ብለው ሲያዩት። "አልተቋረጠም፤ ዓይናቸው ከእኔ ላይ አልተነሣም" አለ አሉኝ። ሽማግሌው ሦስቴ ቢነግሩት አልሰማም። እኔ ብልሃት መስሎኝ ያስቀረሁት ምስል እዚህ ሊያጠፋው ሲል እዚያ አጸናው።

ቢሆንም አወጣሁት። አሁን መስመር ሲጠፋ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ "ተቋርጧል" ይላል፣ ሲመለስም ሁለቱን ራሱ ያስተዋውቃል። ለሌሎቹ ጸሐፊዎች ምክንያቱን ስጽፍ ድንጋዩን አላነሣሁም። የቆመ ምስል ሰውን ያሳስታል፣ የማያየውን አያለሁ ያሰኘዋል አልሁ። ማንም አልተከራከረኝም።

መንገዱ ተከፈተ። ወንድሜ በመጀመሪያው አውቶብስ መጣ፤ ድንጋዩን በማዳበሪያ ከረጢት አድርጎ እግሩ ሥር ይዞት። ረዳቱ ጭነት ላይ ይውጣ ብሎ ተጨቃጭቆታል። ምን ይዘሃል ቢለው ድንጋይ ነው አለው፤ ረዳቱም ጋይንት ድንጋይ ጠፋ እንዴ ብሎ አውቶብሱን ሙሉ አሳቀበት። ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ አልሳቀም። ከታሰረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አቅፌው ነበር፤ ሽታው የማላውቀው ሰው ሽታ ነበር። እናታችንን ሳያይ፣ ቤት ሳይገባ፣ በቀጥታ ወደ ደብሩ ሄድን።

የኔታ ከደጀ ሰላሙ በታች ባለው ሜዳ ሰዉን በሁለት ወገን አቁመውታል። ታናሽየው ከሁሉም ርቆ የግንቡ አጥር ሥር ቆሟል፤ ጋቢ ለብሷል፣ ከጋቢው ሥር ምን እንዳለ አይታይም። እኔ ዓይኔን ከእሱ አላነሣሁም። ወንድሜ ጫማውን አወለቀ፣ ከረጢቱን ፈታ፣ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ ጫነ፣ አንገቱን ደፍቶ ሜዳውን አቋርጦ ከእማሆይ ፊት ቆመ። በስክሪን ላይ ያን ያህል አይመስልም ነበር። አሁን ሳየው ወፍጮ ያክላል።

እማሆይ ድንጋዩን ደባበሱት። "እሱው ነው" አሉ። ከዚያ በሁለት እጃቸው ይዘው ሊያነሡት ሞከሩ። አልተነሣም። ትንፋሽ ወስደው እንደገና ሞከሩ፤ ጫፉ ብቻ ብድግ ብሎ ተመለሰ፣ ወንድሜ ወደ ፊት ተንገዳገደ። ለእርቁ ሲወርድ የሟች ወገን ያልሆነ እጅ ሊነካው አይችልም። የኔታ መቋሚያቸውን እንደጨበጡ ቀሩ። ሁሉም የሚያየው ወደ አጥሩ ነው።

ታናሽየው ከአጥሩ ተላቀቀ። ሲመጣ ፈጥኖም ዘግይቶም አይደለም። ጋቢውን ወደ ኋላ ጣለው፤ ከሥሩ ዱላው ብቻ ነበር፣ እሱንም መሬት ላይ አጋደመው። በእናቱ እጆች አጠገብ እጆቹን አስገባ። ፊቱና የወንድሜ ፊት በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበሩ። ድንጋዩን አብረው አነሡት፣ እናቱ መሃል ላይ ለቀቁ፣ እሱ ብቻውን ይዞት ጥቂት ቆመ፣ ከዚያ ሣሩ ላይ አስቀመጠው።

"ከባድ ነው" አለው።

ወንድሜ አንገቱን ቀና ማድረግ አቅቶት እንደተደፋ "አዎ" አለ።